ሰልፉ ሲቀላቀል፦ የአጭር በረራ አየር መንገዶች ውህደትና የአብራሪዎች ተራ

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሳችሁ እንበል። ጉዟችሁ ግን ገና አላለቀም፤ ዘመድ የሚጠብቃችሁ ሌላ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠበብ ወዳለች አውሮፕላን ትሸጋገራላችሁ። ጭራዋ ላይ ያለው የዩናይትድ ምልክት ነው፤ ቲኬታችሁም የዩናይትድ ነው። በሩ አጠገብ ግን በትንንሽ ፊደል የማታውቁት ኩባንያ ስም ተጽፎ ታያላችሁ። አብራሪዎቹን የቀጠረው፣ ደመወዛቸውን የሚከፍለው፣ ነገ ቢከስር ይዟቸው የሚወድቀው ይሄ ስሙ በትንሹ የተጻፈው ኩባንያ ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለነዚህ አብራሪዎች ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ትናንሽ አየር መንገዶች ሲዋሃዱ አብራሪዎቹ ምን ይሆናሉ? የሠራተኛ ማኅበር ያለው አብራሪና ማኅበር የሌለው አብራሪስ ዕጣቸው አንድ ነው? መልሱ ያለው በአሜሪካ አቪዬሽን ታሪክ ውስጥ ስለሆነ ወደዚያው እንሂድ። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንዲት ቁጥር

የአሜሪካ አየር መንገድ አብራሪ ትልቁ ሀብቱ አንዲት ቁጥር ናት። ሲኒየሪቲ ይሏታል፤ እኛ የቅድምና ተራ እንበላት። አሠራሩ ቀላል ነው። የኩባንያው አብራሪዎች በሙሉ በተቀጠሩበት ቀን ቅደም ተከተል አንድ ዝርዝር ላይ ይሰፍራሉ። ቀድሞ የገባ ከላይ፣ ዘግይቶ የገባ ከታች። ከረዳት አብራሪነት ወደ ካፒቴንነት መቼ እንደምታድጉ፣ የትኛውን አውሮፕላን እንደምታበሩ፣ ከየትኛው ከተማ እንደምትነሱ፣ በዓልን ቤታችሁ መዋል አለመዋላችሁ ሁሉ በዚህች ቁጥር ይወሰናል። ሥራ ቀንሶ ሰው ሲቀነስ ደግሞ ቅነሳው የሚጀምረው ከታች ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ቁጥሯ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ አብራችሁ አትሄድም። አሥራ አምስት ዓመት ካፒቴን የነበረ ሰው ኩባንያ ቢቀይር አዲሱ ቤት የሚቀበለው ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሐኪም ሆስፒታል ስለቀየረ ብቻ እንደ አዲስ ተመራቂ በመነሻ ደመወዝ ይጀምራል እንደማለት ነው። ለዚህ ነው አብራሪ ቤቱን ቀይሮ መሄድን እንደ ቀላል ነገር የማያየው።

አሁን ሁለት ኩባንያዎች ተዋሃዱ እንበል። ሁለት ዝርዝር ነበረ፤ አንድ መሆን አለበት። ኩባንያ «ሀ» አሮጌ ነው፤ እድገቱ ቆሟል፤ ስምንት ዓመት የሠራ ሰው እዚያ ገና ረዳት አብራሪ ነው። ኩባንያ «ለ» በፍጥነት እያደገ ነው፤ በአራት ዓመቱ ካፒቴን የሆነ ሰው አለው። ዝርዝሩ በቅጥር ቀን ከተቀላቀለ የ«ለ» ካፒቴን ከ«ሀ» ረዳት አብራሪ በታች ይወርዳል። በየማዕረጉ በመጠን ተሰልቶ ከተቀላቀለ ደግሞ የ«ሀ» ሰው አራት ዓመት ተሰረቅሁ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱንም ማስደሰት ግን አይቻልም። ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም የከፋ ነው፦ የተገዛውን ኩባንያ አብራሪዎች በሙሉ እንዳሉ ከገዢው ዝርዝር ግርጌ መለጠፍ።

ይህን የሚወስነው ማን ነው? የማኅበር ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ የተወለደው ከትናንሾቹ ነው

የአሜሪካ አየር መንገድ ሠራተኞች የሚተዳደሩት መጀመሪያ ለባቡር ሠራተኞች ተብሎ በ1926 በወጣ ሕግ ነው። በ1936 ሕጉ አየር መንገዶችንም እንዲጨምር ተደረገ። በዚህ ሕግ የኅብረት ስምምነት ቀኑ ሲደርስ አይሞትም፤ አዲስ እስኪፈረም ድረስ አሮጌው ይቀጥላል። አድማ መምታትም ረጅም የሽምግልና መንገድ ካለቀ በኋላ እንጂ እንዲሁ አይፈቀድም። ማኅበር የሚመረጠው በኩባንያው ያሉ አብራሪዎች በሙሉ ድምፅ ሰጥተው ነው። ትልቁ የአብራሪዎች ማኅበር አልፓ የተመሠረተው በ1931 ነው።

በ1972 አሌጌኒ እና ሞሃውክ የሚባሉ ሁለት አየር መንገዶች ተዋሃዱ። ሁለቱም በዘመኑ የአጭር በረራ አየር መንገዶች ነበሩ። ያኔ ውህደት የሚፈቅደው የመንግሥት የሲቪል አቪዬሽን ቦርድ ነበር፤ ቦርዱም ፈቃዱን የሰጠው ለሠራተኛው ጥበቃ እንዲደረግ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነው። ከቅድመ ሁኔታዎቹ ሁለቱ ታሪክ ሠሩ። አንደኛው፣ የቅድምና ዝርዝሮቹ ሚዛናዊና ፍትሐዊ በሆነ መንገድ ይቀላቀሉ ይላል። ሌላው፣ ወገኖቹ ካልተስማሙ ገለልተኛ የግልግል ዳኛ ይወስን ይላል። እነዚህ አንቀጾች እስከ ዛሬ በሁለቱ ኩባንያዎች ስም ነው የሚጠሩት። ስማቸው ከሰማይ ጠፍቶ ሕጋቸው ቀረ።

ከዚያ 1978 መጣ። የአየር መንገድ ገበያው ከመንግሥት ቁጥጥር ነጻ ወጣ፤ በ1984 መጨረሻ ቦርዱ ራሱ ተዘጋ። ሥልጣኑን የተረከበው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እነዚያን ጥበቃዎች እንደ ግዴታ ማስቀመጡን ተወው። ከዚህ በኋላ ጥበቃ የነበረው በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ያስጻፈ ብቻ ነው። ማኅበር የሌለው አብራሪ ምን የሚያስጽፍበት ወረቀት አለው? የለውም። እንግዲህ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ልዩነቱ ይሄን ያህል ግልጽ ነበር።

ማኅበር መኖሩም ግን ሁልጊዜ አላዳነም። በ2001 አሜሪካን አየር መንገድ የከሰረውን ቲደብሊውኤ ገዛ። የቲደብሊውኤ አብራሪዎች የአልፓ አባላት ነበሩ፤ የአሜሪካን አብራሪዎች ደግሞ የራሳቸው ሌላ ማኅበር ነበራቸው። ከቲደብሊውኤ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከዝርዝሩ ግርጌ ተለጠፉ። ወራት ሳይቆይ የመስከረም 11 ጥቃት ደረሰ፤ ሥራ ቀነሰ፤ ቅነሳውም እንደ ልማዱ ከታች ጀመረ። የዕድሜ ልክ ልምድ የነበራቸው ሰዎች ቤት ዋሉ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2011፣ አንድ የፍርድ ቤት ጁሪ አልፓ የገዛ አባላቱን በቅንነት አልወከለም ሲል ፈረደ፤ ጉዳዩም በ53 ሚሊዮን ዶላር እርቅ ተዘጋ። ያ ማለት ጠበቃችሁ ራሱ ሊጥላችሁ ይችላል ማለት ነው።

ቲደብሊውኤ ዋና ማዕከሉ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ነበር። የሚዙሪ ሁለቱ ሴናተሮች፣ ዴሞክራቷ ክሌር ማካስኪል እና ሪፐብሊካኑ ኪት ቦንድ፣ በ2007 መጨረሻ አንድ ሕግ አስወጡ። የ1972ቱን ሁለት አንቀጾች ከመቃብር አውጥቶ ለሁሉም የአየር መንገድ ውህደት ግዴታ አደረጋቸው። ሕጉ ማኅበር አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ማኅበር የሌለውም የግልግል ዳኛ የማግኘት መብት አገኘ። ሁለቱም ወገኖች የአንድ ማኅበር አባላት ከሆኑ ግን ነገሩ በማኅበሩ የውስጥ ደንብ ያልቃል።

ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። በተግባርስ? ሁለት ታሪኮችን እንይ።

ሁለቱ ባላዎች

የመጀመሪያው የፒናክል ታሪክ ነው። ፒናክል መቀመጫውን ሜምፊስ አድርጎ ለኖርዝዌስት አየር መንገድ በትናንሽ ጄቶች የሚበር ኩባንያ ነበር። አብራሪዎቹ የአልፓ አባላት ናቸው። የኅብረት ስምምነታቸው ከ2005 ጀምሮ መታደስ ነበረበት፤ ድርድሩ ግን እየተጓተተ፣ በአሮጌው ደመወዝ መሥራታቸውን ቀጠሉ።

በጥር 2007 የፒናክል ባለቤት ድርጅት ኮልጋን የሚባል አየር መንገድ በ20 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ኮልጋን የተመሠረተው ቨርጂኒያ፣ ማናሰስ ነው፤ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሰሜን ቨርጂኒያ። አብራሪዎቹ ያኔ ማኅበር አልነበራቸውም። ባለቤቱ ሁለቱን አላቀላቀላቸውም፤ በአንድ ጣሪያ ስር ሁለት ቤት አድርጎ አቆያቸው። ብዙም ሳይቆይ ከኮንቲኔንታል አየር መንገድ ጋር የአሥራ አምስት አዳዲስ ኪው400 አውሮፕላኖች ሥራ ተፈረመ። አውሮፕላኖቹ የሄዱት ወደ ኮልጋን ነው፤ ማኅበር ወደሌለው ቤት።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ለሚንጠለጠለው ሰው ግሩም ምክር ነው። ባላው እናንተ ከሆናችሁ ግን ነገሩ ይለያል። አንዱ ቤት ደመወዝ ቢጠይቅ አዲሱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ቤት ሊሄድ ይችላል፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል። በትናንሽ አየር መንገዶች ዓለም ይሄ ብርቱ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም የቲኬቱን ዋጋ የሚወስነውም፣ ብዙውን ጊዜ ነዳጁን የሚከፍለውም ትልቁ አየር መንገድ ነው። ትንሹ በዋጋ ሊወዳደር የሚችልበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንዱና ዋናው የሠራተኛ ወጪ ነው።

በታኅሣሥ 2008 የኮልጋን አብራሪዎች አልፓን መረጡ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 12 ቀን 2009 (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ)፣ የኮልጋን በረራ 3407 ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ተከሰከሰ። በአውሮፕላኑ የነበሩ 49 ሰዎችና መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የአደጋ መርማሪዎቹ ዋና ምክንያት ያሉት ካፒቴኑ ለማስጠንቀቂያው የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው፤ ስለዚህ አደጋውን ከማኅበር መኖር አለመኖር ጋር ማያያዝ ስህተት ይሆናል። ምርመራው ግን ሕዝቡ የማያውቀውን ኑሮ አደባባይ አወጣ፦ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ድካም፣ ከሩቅ ከተማ ተጉዞ ሥራ መግባት። በ2010 ኮንግረስ አዲስ ሕግ አወጣ፤ ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም በመደበኛነት 1,500 የበረራ ሰዓት ሊኖረው ግድ ሆነ። ቀድሞ 250 ሰዓት ያለው ሰው ሊቀጠር ይችል ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በሐምሌ 2010 ፒናክል ሦስተኛ አየር መንገድ፣ ሜሳባን፣ ከዴልታ በ62 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የሜሳባ አብራሪዎችም የአልፓ አባላት ነበሩ። አሁን ሦስቱም ቤቶች አንድ ማኅበር አላቸው። ስለዚህ ሁለቱ ባላዎች ተረት አበቃ። በ2011 አንድ የጋራ የኅብረት ስምምነት ተፈረመ፤ ዝርዝሮቹም በግልግል ዳኛ አንድ ሆኑ። በአልፓ ደንብ ዳኛው ሦስት ነገር ይመዝናል፦ የአገልግሎት ዘመንን፣ የያዙትን ማዕረግና የአውሮፕላን ዓይነት፣ እንዲሁም ውህደቱ ባይመጣ ኖሮ ከፊታቸው የነበረውን ተስፋ። ስድስት ዓመት የጠበቁት የፒናክል አብራሪዎች አዲስ ውል አገኙ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዳች ውል ያልነበራቸው የኮልጋን አብራሪዎች በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ በመረጧቸው ወኪሎች ተቀመጡ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። ሚያዝያ 1 ቀን 2012 (የፈረንጆቹ ኤፕሪል) ፒናክል ኪሳራ አወጀ። የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ አንድ ኩባንያ የኅብረት ስምምነቱን በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲጥል መንገድ ይሰጣል። በዚያው ዓመት የኮልጋን በረራ አበቃ፤ ሜሳባም ቀድሞ ተዘግቷል። አብራሪዎቹ የደመወዝ ቅነሳ ተቀበሉ። በምትኩ ኩባንያው በ2013 የዴልታ ንብረት ሆኖ፣ ስሙም ኤንዴቨር ተብሎ ተረፈ፤ ለአብራሪዎቹም ወደ ዴልታ ለመግባት ቃለ መጠይቅ የሚያገኙበት መንገድ ተከፈተ። ተራቸው ተከበረ፤ ደመወዛቸው ግን ወረደ።

ያልተቀላቀሉት

ሁለተኛው ታሪክ መነሻው ዩታ ነው። ስካይዌስት በ1972 በሴንት ጆርጅ ከተማ የተመሠረተ አየር መንገድ ነው። አብራሪዎቹ እስከ ዛሬ በሕግ የታወቀ ማኅበር የላቸውም። ወጪው በኩባንያው የሚሸፈን፣ አብራሪዎች የሚመርጡት የውስጥ ወኪል አካል ግን አላቸው። አልፓ ሊያደራጃቸው ሞክሯል፤ በ2007 የተደረገው ምርጫም አልተሳካለትም።

በ2005 የስካይዌስት ባለቤት ድርጅት መቀመጫው አትላንታ የሆነውን ኤኤስኤን ከዴልታ በ425 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የኤኤስኤ አብራሪዎች የአልፓ ናቸው። በ2010 ደግሞ ኤክስፕረስጄትን ጨመረ፤ እነዚያም የአልፓ ናቸው። ኤኤስኤና ኤክስፕረስጄት ተቀላቅለው ኤክስፕረስጄት ተባሉ። ስካይዌስት ግን ለብቻው ቀረ።

ይሄ ለምን አስፈለገ ብላችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። የባለቤቱን ልብ ማንበብ አንችልም፤ ውጤቱን ግን ማየት እንችላለን። የ2007ቱ ሕግ የሚሠራው ኩባንያዎቹ በእርግጥ ሲቀላቀሉ ነው። ባለቤታቸው አንድ ሆኖ ሥራቸው ለየብቻ ከሆነ የሚቀላቀል ዝርዝር የለም፤ የሚጠራ ዳኛም የለም። ሥራቸው ቢቀላቀል ኖሮ የማኅበር ጥያቄም አብሮ ይነሳ ነበር፤ አንድ ኩባንያ ውስጥ አንድ የሙያ ዘርፍ ግማሹ በማኅበር፣ ግማሹ ያለ ማኅበር ሊኖር አይችልም።

በጥር 2014 የኤክስፕረስጄት አብራሪዎች የጋራ ውል ቀርቦላቸው በከፍተኛ ድምፅ ውድቅ አደረጉት። በዚያው ዓመት አዳዲሶቹ ኢ175 ጄቶች በስካይዌስት ስም መብረር ጀመሩ። የኤክስፕረስጄት አሮጌ ጄቶች ደግሞ አንድ በአንድ ከሥራ ወጡ። በ2018 ለዴልታ የሚያደርገው በረራ አበቃ፤ በ2019 ኩባንያው በ70 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በመስከረም 2020፣ በኮሮና መሃል፣ ተዘጋ። ማኅበር ያልነበረው ስካይዌስት በአሜሪካ ትልቁ የአጭር በረራ አየር መንገድ ሆኖ ቀጠለ።

ታዲያ ማኅበሩ ገደላቸው ማለት ነው? አትቸኩሉ። በ2020 ኤክስፕረስጄትን ያዘጋው ዩናይትድ የዚያኑ ዓይነት አውሮፕላን በረራ በሙሉ ለኮምዩትኤር ለመስጠት መወሰኑ ነው፤ የኮምዩትኤር አብራሪዎችም የአልፓ አባላት ናቸው። በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ ስሙም ጭራው ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ታሪኩ ምን ያስተምረናል?

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ማኅበር በውህደት ጊዜ የሰልፉን ተራ ያስከብራል። ዝርዝሩ ሲቀላቀል ወኪል፣ ጠበቃና ደንብ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ማኅበር የሌለው አብራሪ ሕጉ ቢኖረውም፣ ወኪሉን ራሱ ማሰባሰብ፣ የጠበቃውንም ወጪ ራሱ መፈለግ አለበት። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ግን ሰልፉ የቆመበት በር ነገ ስለመከፈቱ ማኅበሩ ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። ውሉ የትልቁ አየር መንገድ ነው፤ ሥራው ወደየት እንደሚሄድ የሚወስነውም እሱ ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነጥብ እንመለስ። የ1,500 ሰዓቱ ሕግ ከወጣ በኋላ አዲስ አብራሪ ማግኘት ከባድ ሆነ። ኮሮና ሲመጣ ትልልቆቹ ብዙ አብራሪዎችን በፈቃዳቸው ጡረታ አስወጡ፤ ገበያው ሲመለስ ደግሞ ከትናንሾቹ ቤቶች መውሰድ ጀመሩ። በ2022 በአሜሪካን አየር መንገድ ባለቤትነት ያሉት ሦስት አጭር በረራ ኩባንያዎች፣ በማኅበራቸው በኩል፣ ደመወዝ በከፍተኛ መጠን ጨመሩ። በዚያው ዓመት ስካይዌስትም ጨመረ፤ አለዚያ አብራሪዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃል። ማኅበር የሌለው ሰው በጎረቤቱ ማኅበር ጥላ ስር ሲያርፍ ያየነው እዚህ ላይ ነው። ፒናክል በከሰረበት በ2012 የትኛውም ማኅበር ያን ጭማሪ ሊያገኝ አይችልም ነበር፤ አብራሪ ሲጠፋ ግን ድርድሩ ተገለበጠ።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ይህን ሙያ የሚያስብ ወጣት ካለ፣ ወይም ልጁን የበረራ ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ ካለ፣ ከመነሻ ደመወዙ ባሻገር ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። የኩባንያው ባለቤት ሌላ አየር መንገድም አለው ወይ? የበረራው ውል ከማን ጋር ነው፣ መቼስ ያበቃል? ኩባንያው ነገ ቢሸጥ ስለ ተራዬ የሚናገርልኝ ማን ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ያለው ማኅበሩ አይደለም። ለሦስተኛው ግን ማኅበር ከሌለ መልስ የሚሆነው አብራሪው ራሱ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ጉዟችሁ ወደ ትንሿ አውሮፕላን ስትገቡ በሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቧት። ከኋላዋ አንድ ረጅም ዝርዝር አለ፤ የፊተኛውን ወንበር የያዙት ሁለት ሰዎች በዚያ ዝርዝር ላይ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ነው የተቀመጡት።